ሳንጠራችሁ ኑልን፦ ለጅማ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ለከተማችን አስተዳደር

ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር፣
ለከተማችን የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣
እንዲሁም ለጅማ ነዋሪ በሙሉ

ጉዳዩ፦ እሳት ሳይነሳ ስለምንፈልገው አገልግሎት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ የምኖር፣ በሰፈሬ እድር ጸሐፊ ሆኜ የማገለግል ሰው ነኝ። የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ልለምናችሁ ነው። እሳት ሳይነሳ ወደ ሰፈራችን ኑ። ወደ ገበያችን፣ ወደ እንጨት ቤቶቻችን፣ ወደ እድራችን ስብሰባ ኑ። አስተምሩን። ሳንጠራችሁ ኑልን።

ጅማ ሲባል የሚታሰበን ዝናብና አረንጓዴ ነው። እሳት የደረቅ አገር ችግር ይመስለናል። ግን ቤታችን ውስጥ አይዘንብም። ክረምት ላይ እንዲያውም በርና መስኮት ዘግተን ከሰል እናስገባለን። መብራት ሲሄድ ሻማ እንለኩሳለን። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ሣሩም ጣውላውም ይደርቃል። እሳት በየትኛውም ወቅት መነሻ አያጣም።

መጀመሪያ ስለ ደቂቃ ላንሳ። ስፖንጅ ሶፋ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ውስጥ የተነሳ እሳት ክፍሉን በሙሉ ለመያዝ አምስት ደቂቃ ላይፈጅበት ይችላል። ሲጀምር ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ነበልባል ናት። ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ ኮርኒስ ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ በሙሉ ባንድ ጊዜ ይያያዛል። ከዚህ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው በሕይወት አይቆይም።

አሁን በሌላ በኩል አስሉት። ሰው እሳቱን ያያል። ይጮኻል። ስልክ ይፈልጋል፣ ቁጥር ይጠይቃል፣ ይደውላል፣ ቦታውን ያስረዳል። መኪናው ይነሳል። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ የሂርማታ ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል። ባጃጁ አለ፣ ጋሪው አለ፣ ተሸካሚው አለ። ሹፌሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በሰው ላይ አይነዳም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በማንም ሳይሆን በእኛ በጎረቤቶች እጅ ናቸው። እኛ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለብን አልተማርንም።

መኪናው ደርሶም ውሃው ያልቃል። 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ በ10 ደቂቃ ባዶ ነው። ሊሞላ ሲመለስ ሰው «ውሃ ሳይዙ መጡ» ብሎ ይቆጣል። ይዘው መጥተው፣ ረጭተው፣ ጨርሰው ነው። ይህን የሚያስረዳን ሰው ስለሌለ በጭንቅ ሰዓት ሊረዳን የመጣውን ሰው እንሳደባለን። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ራሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው የሚገቡት እነሱ ናቸው።

አንድ ሌሊት ሰፈራችን ውስጥ የአንድ ጎረቤት ማድ ቤት ተያያዘ። ያየሁትን አልረሳውም። አንዱ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይሮጣል። አንዱ ብልጭ ድርግም የሚል ሽቦ ላይ ውሃ ይደፋል። ሌላው ሞባይሉን አውጥቶ ይቀርጻል። ሴቶቹ፣ ልጆቹ ወጥተው እንደሆነ እየተጣሩ ይጠይቃሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። ቆጣሪው ጋ ሄዶ ብሬከር ያወረደ አንድ ሰው አልነበረም። ሰው ሳይጎዳ እሳቱ ጠፋ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሰፈሬ ደፋር ሰፈር ነው። ያ ሁሉ ድፍረት የሚመራው አጥቶ ነው የተበተነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ስልክ ቁጥር ነው። የአዲስ አበባ ሰው 939ን ያውቃል። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን እኛም እናውቃለን። በእድራችን ስብሰባ ላይ የጅማን እሳት አደጋ በቀጥታ የሚያገኘውን ስልክ ማን ያውቃል ብዬ ስጠይቅ ግን እጁን ያወጣው ጥቂት ሰው ነው። እባካችሁ ቁጥሩን በትልቁ ጻፉልን። በቀበሌ በር፣ በትምህርት ቤት አጥር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን መግቢያ፣ በባጃጆች ጀርባ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም መጥተው አብረውን የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የኤፍ ኤም ሬዲዮዎች ሲያስተላልፉት እነሱንም አስቡ።

ለነዋሪውም የምለው አለኝ። ስንደውል «ቶሎ ኑ፣ ተቃጠልን!» ብለን እንዘጋለን። የት? ከተማችን ውስጥ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ቦታ የሚናገር ሰው ብዙ አታገኙም። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ጥሩ። መስጊዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ድልድዩን። የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ተናገሩ። ውስጥ ሰው አለ ወይ? ሲሊንደር ወይም ቤንዚን አለ ወይ? መኪና የሚያስገባው በየትኛው በኩል ነው? ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሳይዘጋ አትዝጉ። ከዚያ አንድ ልጅ ወደ ዋናው መንገድ ሮጦ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ፣ ይምራ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ እንጨት ቤቶች ልሂድ። ጅማን ያስጠራት አንዱ የእንጨት ሥራዋ ነው። የጅማ በርጩማ የማያውቅ ማን አለ? ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ቡናና በርጩማ ጭኖ ነው የሚመለሰው። የስንት ወጣት እንጀራ ነው። ግን አንድ እንጨት ቤት ግቡና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። መሬቱ ሰጋቱራ ነው። ግድግዳው ላይ ጣውላ ተደግፏል። ጥግ ላይ ኮላ፣ ቫርኒሽና ተነር አለ። ሶፋ የሚሠራ ከሆነ ስፖንጁ እስከ ጣራ ተከምሯል። መሐል ላይ ደግሞ መጋዝና ብየዳ ብልጭታ ይረጫሉ። ማታ ሥራው ያልቃል፣ በሩ ይቆለፋል፣ አንዳንዴም ጠባቂው ወይም ተለማማጁ እዚያው ያድራል።

ሰጋቱራ ውስጥ የገባ ብልጭታ ነበልባል ሳያሳይ ለሰዓታት ውስጥ ውስጡን ሊጨስ ይችላል። ሥራ ከመዘጋቱ በፊት ብየዳና መጋዝ ቆሞ፣ ተጠርጎ፣ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማየት ያለበት ለዚህ ነው። በአየር ላይ የተበተነ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ደግሞ ከእሳት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል። ተነር ክዳኑ ተከፍቶ ከተቀመጠ እንፋሎቱ በመሬት ላይ እየተሳበ ራቅ ወዳለ ከሰል ይደርሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ነው፤ ወይም ውሃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ መክተት። ስፖንጅ ሲቃጠል ደግሞ ከጥቁሩ ጭስ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ የሚባሉ መርዛማ ጋዞች ይወጣሉ። ነበልባሉ ሳይደርስበት በጭሱ ብቻ የሚሞት ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ ወደ እንጨት ቤቶቹ ስትመጡ መጀመሪያ ለማስተማር ኑ። ደብተርና ማኅተም ይዞ የመጣን ሰው ባለቤቱ ይፈራል፤ ጉድለቱን ይደብቃል። በመጀመሪያው ጉብኝት አሳዩት፣ ተነሩን የት እንደሚያስቀምጥ ንገሩት፣ ቀጠሮ ስጡት። በሁለተኛው ካላስተካከለ ሕጉ ይቀጥል። ማደሪያ ያደረጉትን ግን ቸል አትበሉ። ልጆች ናቸው የሚተኙበት።

ማድ ቤት ደግሞ የሁላችንም ነው። ዘይት መጥበሻ ላይ ሲቀጣጠል እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሃ ነው። ውሃው ከዘይቱ ሥር ይገባል፣ ባንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ እንፋሎት ሲሆን ከነበረበት 1,700 እጥፍ ገደማ ያብጣል። የሚነደውን ዘይት አንስቶ ፊት ላይና ኮርኒስ ላይ ይበትነዋል። ውሃ የለም በቃ። ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳን ወይም ትሪ ከጎን ገፋ አድርጋችሁ ክደኑት፣ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት። ተሸክማችሁ ወደ ውጭ አትሩጡ።

ቡታጋዝ ካላችሁ ጋዙ ከአየር እንደሚከብድ እወቁ። ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፣ አልጋ ሥር ይገባል። ሽታው በኋላ የተጨመረበት እንድናውቀው ነው። ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ የበራም ካለ አታጥፉ፣ ክብሪት አትጫሩ፣ ስልክም እዚያ ውስጥ አትደውሉ። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰዉን ይዛችሁ ውጡ። የሚያፈሰው የት እንደሆነ መፈለግ የፈለገ በሳሙና አረፋ ይፈልግ። በክብሪት የሚፈልጉ ሰዎች አይቻለሁ።

ቡና አፍልቶ መጠጣት የእኛ የየቀኑ ደስታ ነው። ቄጤማው ግን ሲደርቅ ማገዶ ነው። ከሰል ያለበትን ምድጃ ከጉዝጓዙ ላይ አንሱት፤ ከሥሩ ሸክላ ወይም ቆርቆሮ አድርጉ። ልጆች በዚያ በኩል አይሩጡ። የተረፈውን ፍም ደግሞ ቤት ለማሞቅ ብለን መኝታ ክፍል አናስገባ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ይህንንም ሳያውቅ ይሞታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችን በተለይ ንገሩልን። ከሌላ አገር መጥተው ብርዱንም ከሰሉንም ለብቻቸው የሚጋፈጡ ልጆች ናቸው።

መብራቱን በአጭሩ ልበል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ይህን በቀጭን ዲቫይደር ላይ ሰክቶ፣ በዚያው ላይ ምድጃና ፍሪጅ መጨመር ሽቦውን ማቅለጥ ነው። ዲቫይደሩ ሲነካ ከሞቀ ነቅላችሁ ጣሉት። መብራት ሲሄድ ምጣዱንና ካውያውን ንቀሉ። እኛ ጎረቤት ሄደን ሳለ መብራት ይመጣል፤ ካውያው ልብስ ላይ ነው። ሾርት አድርጎ የተነሳ እሳት ላይ መጀመሪያ ብሬከር ይወርዳል። መብራቱ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ውሃ አይደፋም።

ቤንዚን በሃይላንድና በጄሪካን ቤት ውስጥ ስለማስቀመጥ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የባጃጅ ልጆች ሰልፉ ሲበዛባቸው እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ኑሮ ነው። ግን ልጆች ከሚተኙበትና ከሰል ከሚነድበት ጣራ ሥር ቤንዚን አይደር። ይህን እለምናችኋለሁ።

ወደ ገበያው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ፣ መተላለፊያው ጠብቦ፣ ሸቀጡ እስከ መንገድ ወጥቶ እሳት ሲነሳ ማጥፋት ምን ያህል እንደሚከብድ አይተናል። የእኛም መርካቶ ሱቆቹ የተያያዙ ናቸው። መኪና የሚገባበት አንድ መስመር በቀለም ተቀብቶ፣ ነጋዴው ራሱ ተስማምቶበት፣ ሐሙስም ጭምር ክፍት ሆኖ ቢቆይ ምን ይጎዳናል? ለነጋዴው የምጠይቀው ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲሰበስብ ነው። አንድ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያም በየአምስት ሱቁ በጋራ መግዛት ይቻላል። ስትጠቀሙበት ማገጃውን ነቅላችሁ፣ አፉን ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ ሥሩ አነጣጥራችሁ፣ ተጭናችሁ ግራና ቀኝ ጥረጉ። ከግማሽ ደቂቃ በታች ያልቃል። ስለዚህ ጀርባችሁ ሁልጊዜ ወደ መውጫው ይሁን፤ ካልጠፋ ውጡ።

ለአስተዳደሩ፦ ውሃ የሚሞላባቸው ቦታዎች በከተማው ዙሪያ ይታወቁ፣ ይጠገኑ። አዌቱ ወንዝ መሐላችን ነው የሚያልፈው። መኪና ወርዶ ፓምፕ የሚያስገባበት ሁለት ሦስት ቦታ ቢመቻች በ10 ደቂቃ የሚያልቀው ውሃ ቅርብ ምትክ ያገኛል። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም አስቡት። ኮረብታ ላይ ነው፣ አብዛኛው እንጨት ነው፣ ከተቃጠለ ሌላ የለንም። እዚያው የሚቆይ የውሃ ታንከርና የሠለጠነ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ለሠራተኞቹ ደግሞ መተንፈሻ መሣሪያ፣ እሳት የሚችል ልብስ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ። ጭስ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ግባ የሚባል ሰው የአንድ እናት ልጅ ነው።

እድርን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እድር በየቤቱ ማን እንደታመመ፣ የትኛዋ እናት መነሳት እንደማትችል፣ የየትኛው ቤት መስኮት በብረት እንደታጠረ ያውቃል። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ጥሩምባ አለን፣ ሲጠራ የሚመጣ ሰው አለን። ከየእድሩ ሁለት ሦስት ሰው አሠልጥኑልን፤ ሴቶችም ይኑሩበት፣ ቀን ሰፈር ውስጥ የሚውሉት እነሱ ናቸውና። ብሬከር የሚያወርድ፣ መንገድ የሚያስከፍት፣ ሰው የሚቆጥር ይመደብ። መሰላልና አሸዋ የሞላ ባልዲ የእድሩ ንብረት ሊሆን ይችላል። የሚያሳየን ሰው ብቻ ነው ያጣነው።

ከሥልጠናው በፊት ለጎረቤቶቼ ጥቂት ልናገር። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ንጹሕ አየር ከወለሉ አጠገብ ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ፣ ካልሆነም በእጅና በጉልበት እየሄዳችሁ ውጡ። ስትወጡ በር ዝጉ፤ የተዘጋ በር እሳቱን ያዘገየዋል። ከወጣችሁ ለዕቃ አትመለሱ። የመስኮቱ ብረት የሚከፈት ይሁን፤ የውስጥ በር ቁልፍ ማታ ሁሉም ቤተሰብ የሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ፊቱን ሸፍኖ መሬት ላይ ይንከባለል። ቃጠሎ ላይ ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀባም። ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ፤ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ ይውለቅ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሕክምና።

አንድ ነገር ልጨምር። የእሳት አደጋ ባለሙያ ሥራ እሳት ብቻ አይደለም። ጉድጓድ የገባን ሰው ማውጣት፣ በጎርፍ የተከበበን ማሻገር፣ ተጋጭቶ መኪና ውስጥ የተቀረቀረን ማላቀቅም ሙያው ነው። ጉድጓድ ወይም መጸዳጃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ብሎ ዘሎ የሚገባ ወንድም ሁለተኛ ሟች ይሆናል፤ ታች አየር ላይኖር ይችላል። ገመድ ወርውሩ፣ ደውሉ፣ አትግቡ። ስንት ቤተሰብ ሁለት ልጅ ባንድ ቀን ቀብሯል።

የእድራችን ስብሰባ በየወሩ የመጨረሻው እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት እኛ ጋ ጀምሩት። ድንኳኑን እንተክላለን፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው አለን፣ ቡናውም ከእኛ ነው። የጎረቤት እድሮችንና የእንጨት ቤት ባለቤቶችን እኔ ራሴ ዞሬ እጠራለሁ። መኪናውንም ይዛችሁት ኑ፤ ልጆቹ ቀርበው ይዩት፣ እኛም ወደ ሰፈራችን በየትኛው በኩል እንደሚገባና እንደማይገባ አብረን እንለካ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪና የእድር ጸሐፊ